አንድ ኳስ በሦስት መልክ፦ ኳድራቲክ እኩልታ እና የተወረወረ ነገር ጉዞ

(ለሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ እና የፊዚክስ መምህራን ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

የተከበራችሁ መምህራን፤

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለማናችሁም እንግዳ አይደለም። ኳድራቲክ እኩልታ በሦስት መልክ እንደሚጻፍ ሁላችሁም ታስተምራላችሁ፦ የተዘረጋው መልክ፣ ጫፉን የሚያሳየው መልክ እና በብዜት የተበተነው መልክ። ተማሪዎቻችንም አንዱን ወደ ሌላው እየቀየሩ ገጽ ሙሉ መልመጃ ይሠራሉ፤ ፈተናም ያልፋሉ። ግን አንዱን ጎበዝ ተማሪ ጠርታችሁ «ለምን ቀየርከው?» ብትሉት «ቀይር ስለተባልኩ» ከማለት ሌላ መልስ ያለው አይመስለኝም። ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም። እኛ መልኮቹን እንደ ሦስት ርዕስ እያስተማርን ነው፤ እነሱ ግን ለሦስት ልዩ ልዩ ጥያቄ የተዘጋጁ ሦስት መልሶች ናቸው። የትኛውን መጻፍ እንዳለብን የሚወስነው በእጃችን ያለው መረጃ እና ማወቅ የምንፈልገው ነገር ነው። ይህንን ደግሞ ከተወረወረ ድንጋይ እና ከተመታ ኳስ የበለጠ አጉልቶ የሚያሳይ አላገኘሁም።

በሕንፃ እንጀምር። አንድ ልጅ ከመሬት 15 ሜትር ከፍ ካለ ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆሞ ድንጋይ በሰከንድ 10 ሜትር ፍጥነት ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ወረወረ። (ለተማሪ ስትነግሩ «በተግባር እንዳትሞክሩት» ማለትን አትርሱ።) የመሬት ስበት በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ9.8 ሜትር በሰከንድ ያህል ይቀንሰዋል። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ከዚህም ጥቂት ያንሳል፤ ለአያያዝ እንዲመቸን ግን 10 እንበለው። ከፍታን «ከ»፣ ጊዜን «ጊ» ብለን ስንጽፍ፦

ከ = 15 + 10ጊ − 5ጊ²

ይህ የተዘረጋው መልክ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ባለቤት አለው። 15 የሕንፃው ነው፣ 10 የልጁ ክንድ ነው፣ 5 (የ10 ግማሽ) የመሬት ነው። መሬት ባትስብ ኖሮ ድንጋዩ 15 + 10ጊ እያለ ቀጥ ብሎ በሄደ ነበር፤ የመጨረሻው ቁራጭ መሬት ከዚያ ላይ የምትወስደው ነው። ምን ያህል ትወስዳለች? በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር፣ በሁለት ሰከንድ 20፣ በሦስት ሰከንድ 45። በየሰከንዱ የወሰደችውን ለይታችሁ ብታዩት 5፣ 15፣ 25 ነው፤ ማለትም እንደ 1፣ 3፣ 5። ጋሊሌዮ ኳስ በዘቅዛቃ ጣውላ ላይ እያንከባለለ የደረሰበት የጎዶሎ ቁጥሮች ሕግ ይኸው ነው። ተማሪ «ጊዜው ለምን ዳግም ርቢ ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቅ ከቀመር ይልቅ እነዚህን ጎዶሎ ቁጥሮች አስደምሩት፤ 1፣ ከዚያ 1 እና 3 አራት፣ ከዚያ 1፣ 3 እና 5 ዘጠኝ። ዳግም ርቢው በራሱ እጅ ይወጣል።

እንግዲህ የተዘረጋው መልክ የምክንያቶች መልክ ነው። ውርወራው እንዴት እንደተጀመረ ካወቅን የምንጽፈው እሱን ነው። ነገር ግን «ድንጋዩ እስከየት ወጣ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ዝም ይላል። ለዚያ ጥያቄ ካሬውን እናሟላለን፦

ከ = 20 − 5(ጊ − 1)²

አሁን ማስላት አያስፈልግም፤ ማንበብ ብቻ ነው። የማንኛውም ቁጥር ዳግም ርቢ ከዜሮ አያንስም። ስለዚህ ከ20 ላይ የሚቀነሰው ቢያንስ ዜሮ ነው፤ ዜሮ የሚሆነውም ጊ አንድ ሲሆን ነው። ድንጋዩ ከፍ ያለው 20 ሜትር ድረስ ነው፣ ጊዜውም አንድ ሰከንድ።

ካሬ ማሟላትን ብዙ ተማሪ እንደ ቅጣት ያየዋል፤ «ግማሹን ውሰድ፣ በራሱ አባዛ፣ ደምር፣ ቀንስ» የሚባል የትእዛዝ ሰንሰለት ስለሆነበት። እዚህ ጋር ግን ምን እንዳደረግን ተመልከቱ፤ ሰዓቱን አዛውረናል። ልጁ ከወረወረበት ቅጽበት መቁጠር ትተን ድንጋዩ ጫፍ ላይ ከደረሰበት ቅጽበት መቁጠር ጀመርን። ከዚያ ቅጽበት የሚነሣ ሰው የሚያየው ከ20 ሜትር ላይ ዝም ብሎ የሚወድቅ ድንጋይ ብቻ ነው፤ መወርወሩን እንኳ አያውቅም። ወደ ኋላ ቢቆጥርም ያው ነው። ጊ ዜሮ ሲሆን እና ጊ ሁለት ሲሆን ከፍታው እኩል 15 ሜትር የሚሆነው ለዚህ ነው። ካሬ ማሟላት ማለት የመቁጠሪያውን መነሻ ወደ ጫፉ መውሰድ ነው፤ ይህንን የተረዳ ተማሪ ሥርዓቱን ቢረሳ እንኳ ራሱ መልሶ ያወጣዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ «መቼ መሬት ነካ?» ነው። እሱ የብዜቱን መልክ ይፈልጋል፦

ከ = −5(ጊ − 3)(ጊ + 1)

ብዜት ዜሮ የሚሆነው አንዱ አካል ዜሮ ሲሆን ነው። ስለዚህ ጊ ወይ 3 ነው ወይ −1። በሦስተኛው ሰከንድ ወደቀ እንላለን፤ ስለ −1 ደግሞ አብዛኞቻችን «ጊዜ ኔጋቲቭ አይሆንም፣ ሰርዙት» ብለን እናልፋለን። እኔ እዚህ ላይ ቆም እንድትሉ እለምናችኋለሁ። ሒሳቡ ቀባጥሮ አያውቅም፤ ያልጠየቅነውን ነገር ነግሮን ሊሆን ይችላል። እኩልታው ስለ ልጁም ስለ ጣሪያውም የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው አንድ ጉዞ ብቻ ነው። ያ ጉዞ ወደ ኋላ ቢቀጥል ኖሮ ከአንድ ሰከንድ በፊት ከመሬት ላይ ተነሥቶ ነበር ይለናል። የመነሻ ፍጥነቱስ? ፍጥነቱ 10 − 10ጊ ነውና ጊ −1 ሲሆን 20 ይሆናል። አጣሩት፤ አንድ ሌላ ሰው ከመሬት ላይ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ድንጋይ ወደ ላይ ቢወረውር፣ ድንጋዩ ከአንድ ሰከንድ በኋላ 15 ሜትር ላይ ይደርሳል፣ ፍጥነቱም 10 ይሆናል። ማለትም ልክ ልጁ በሚወረውርበት ቅጽበት ከልጁ ድንጋይ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወድቃል። በ3 ሰከንድም መሬት ሲመታ ፍጥነቱ 20 ነው፤ ሲነሣ በነበረው። የሰረዝነው ሥር፣ ማለትም እኩልታውን ዜሮ የሚያደርገው −1፣ ይህን ሁሉ ይዞ ነበር። ለጥያቄው መልስ አለመሆኑ ትክክል ነው፤ ትርጉም የለውም ማለት ግን ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ጎን የሚሄደውን ኳስ እንይ። እዚህ ታሪኩ ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። ኒኮሎ ታርታሊያ የተባለው ጣሊያናዊ የሒሳብ ሰው በ1537 ዓ.ም. (እዚህም ከዚህ በኋላም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ስለ መድፍ ጥይት ሲጽፍ ጉዞውን በሦስት ቁራጭ ሥሎት ነበር፤ መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀጥሎ የክብ ቅስት፣ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ወደ ታች። ሥዕሉ ትክክል ባይሆንም ሩቅ የሚደርሰው በ45 ዲግሪ የተተኮሰው ነው ያለው ግን አየር በሌለበት ልክ ነው። ጋሊሌዮ ደግሞ በ1608 ገደማ ፓዶቫ ሳለ ኳስ በዘቅዛቃ ላይ አንከባልሎ ከጠረጴዛ ጫፍ በአግድም እያስፈነጠረ የት እንደሚያርፍ ለክቷል። ውጤቱን ያሳተመው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ በ1638፣ ፍሎሬንስ አጠገብ በቁም እስር ላይ ሆኖ፣ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ፤ መጽሐፉም የታተመው ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ውስጥ ነው። ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ወደ ጎን ያለው እንቅስቃሴ እና ወደ ታች ያለው እንቅስቃሴ አንዱ ሌላውን አይነካም። ወደ ጎን እኩል ርቀት በእኩል ጊዜ፣ ወደ ታች በጎዶሎ ቁጥሮቹ ሕግ። ሁለቱ ሲጣመሩ ፓራቦላ ይወጣል።

የሚገርመው፣ ጋሊሌዮ እኛ ሰሌዳ ላይ ከምንጽፋቸው እኩልታዎች አንዱንም አልጻፈም። ሥራው ሁሉ በጂኦሜትሪ እና በምጣኔ የተነገረ ነው። ጠመዝማዛ መስመርን በእኩልታ የመግለጽ ዘዴን ዴካርት ያሳተመው በ1637፣ እዚያው ላይደን ውስጥ ነበር፤ አንድ ዓመት ብቻ ቀድሞ። ተማሪዎቻችን በሁለት መስመር የሚሠሩትን ማስረጃ ያ ታላቅ ሰው ጋሊሌዮ ገጾች ፈጅቶበታል።

የጋሊሌዮ ሐሳብ በእኛ አጻጻፍ ይህን ይሰጠናል። ኳሱ የሄደበትን አግድም ርቀት «ር» እንበል። የአግድም ፍጥነቱ ስለማይቀየር ጊዜ ማለት ርቀት ሲካፈል ለአግድም ፍጥነት ነው። ይህንን ከፍታው ውስጥ ስንተካ ጊዜው ይጠፋና የሚከተለው ይቀራል፦

ከ = ለር − ሀር²

«ለ» የመነሻው ተዳፋትነት ነው፤ የማዕዘኑ ታንጀንት። «ሀ» ደግሞ 5 ሲካፈል ለአግድም ፍጥነቱ ዳግም ርቢ ነው። ፈጣን ኳስ «ሀ»ው ያንሳል፣ ጉዞው ይዘረጋል። ይህንን ያዙልኝ፤ አሁን እንፈልገዋለን።

ከግቡ 20 ሜትር ርቀት ላይ ቅጣት ምት ተሰጠ እንበል። ደንቡ ተከላካዮች ከኳሱ 9.15 ሜትር እንዲርቁ ያዛል፤ የግቡ አግዳሚ ከመሬት 2.44 ሜትር ላይ ነው። እንደ አጥር ተደርድረው የቆሙት ተከላካዮች ይዘላሉ፤ ስለዚህ ኳሱ በእነሱ ራስ ላይ ሲያልፍ 2.5 ሜትር ይሁን እንበል። ግቡ መስመር ላይ ሲደርስ ደግሞ 2.2 ሜትር፤ ከአግዳሚው ሥር፣ በረኛው ተንጠራርቶ እንኳ የሚቸገርበት ቦታ። ይህንን ማድረግ የሚችለው የትኛው ፓራቦላ ነው?

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ መልኮች የትኛውም ሙሉ በሙሉ አይመጥነንም። የመነሻ ፍጥነቱን አናውቅም፤ የተዘረጋው መልክ አልተሟላም። ጫፉን አናውቅም። ኳሱ የት መሬት ሊነካ እንደነበርም አናውቅም፤ መረቡ ይይዘዋልና። የምናውቀው አንድ ሥር ብቻ ነው፤ ኳሱ የተነሣው ከመሬት፣ ከዜሮ ነው። ስለዚህ ግማሽ የተበተነውን መልክ እንጽፋለን፦ ከ = ር(ለ − ሀር)። ይህ ቅርጽ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የራሱ ስም እና ሣጥን የለውም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ከሁሉም ይሻላል። ከፍታውን ለርቀቱ ስናካፍል ቀጥተኛ መስመር ይቀረናልና። 2.5 ለ9.15 ሲካፈል 0.273 ነው፤ 2.2 ለ20 ሲካፈል 0.11። ከሁለቱ ነጥቦች በቀላሉ፦

ከ = ር(0.41 − 0.015ር)

አሁን እኩልታውን እየገለባበጥን እንጠይቀው። ሁለተኛው ሥር 0.41 ለ0.015 ሲካፈል ነው፤ 27.3 ሜትር። መረብ ባይኖር ኳሱ ከግቡ መስመር 7 ሜትር ያህል አልፎ ያርፍ ነበር ማለት ነው። ጫፉ የሁለቱ ሥሮች አማካይ ላይ ነው፤ 13.7 ሜትር፤ ከፍታውም 2.8 ሜትር። ኳሱ አጥሩን ሲያልፍ ገና እየወጣ ነበር፤ መውረድ የጀመረው ከተከላካዮቹ ጀርባ 4 ሜትር ተኩል ያህል ከሄደ በኋላ ነው። ታንጀንቱ 0.41 ነውና የመነሻው ማዕዘን 22 ዲግሪ ይሆናል። እስካሁን የሒሳብ መምህሩ ነው የተናገረው፤ አሁን የፊዚክስ መምህሩ ይግባ። «ሀ» 0.015 ከሆነ የአግድም ፍጥነቱ ዳግም ርቢ 5 ለ0.015 ሲካፈል ነው፤ 333። ዳግም ዘሩ 18 ሜትር በሰከንድ ያህል። ማዕዘኑ ሲጨመርበት ኳሱ የተመታው በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግቡ ጋ የሚደርሰውም በ1.1 ሰከንድ።

እዚህ ላይ ኳስ የምታዩ ሁሉ ፊታችሁ ይቀየራል። ሰባ አንድ? ቅጣት ምት የሚመቱ ባለሙያዎች እኮ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፋሉ! አዎ። እኩልታው ደግሞ አጥብቆ የሚነግረን ይህ ነው፦ ከእነዚህ ሁለት ነጥቦች ጋር የሚስማማ «ሀ» አንድ ብቻ ነው። ኳሱ ከአጥሩ በላይ ከፍ ብሎ ቢያልፍ «ሀ» ይጨምራል፤ የአግድም ፍጥነቱም ይቀንሳል። ወደፊት ከ18 ሜትር በሰከንድ በላይ እየሄደ፣ አጥሩን በ2.5 ሜትር ተሻግሮ፣ 2.2 ሜትር ላይ የሚወርድ ፓራቦላ የለም። እንግዲህ ሽቅብ ሳይሆን ወደፊት በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ተመትቶ አጥሩን ዘሎ መረብ የሚነካ ኳስ ስታዩ ያ ጉዞ ፓራቦላ አለመሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። አየሩ እያዘገመው ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መቺው ኳሱን እንዲሽከረከር አድርጎታል፤ የሚሽከረከር ኳስ አየርን ወደ አንድ ወገን ይገፋል፣ አየሩም ኳሱን ወደ ሌላው ይገፋል። ወደፊት የሚሽከረከር ከሆነ ወደ ታች ይጫነዋል። ሮቤርቶ ካርሎስ በ1997 ፈረንሳይ ላይ ያገባት ያች የታወቀች ቅጣት ምት በዚሁ ኃይል ወደ ጎን የታጠፈች ናት። ኳድራቲኩ ስለ ሽክርክሪት ምንም አያውቅም። ሽክርክሪት መኖሩን ያወቅነው ግን ኳድራቲኩ «በእኔ አይሆንም» ስላለን ነው። አንድ ሞዴል ሲሳሳት ምን ያህል እንደተሳሳተ መናገር ከቻልን የጎደለውን ነገር መጠን እያስታወቀን ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንዲት ሳልጠቅሳት የማላልፋት እኩልታ አለች። እስካሁን ያልታወቀው ጊዜ ወይም ርቀት ነበር። ያልታወቀው ማዕዘኑ ቢሆንስ? በረኛ ኳሱን በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ከመሬት ይመታል እንበል፤ «ር» ርቀት ላይ ላለ ጓደኛው ማድረስ ይፈልጋል። የማዕዘኑን ታንጀንት «ታ» ብለን ቀድሞ ያየነውን ስናስተካክል፦

ርታ² − 80ታ + ር = 0

ይህም ኳድራቲክ ነው፤ ግን ከፓራቦላው ሥዕል ጋር አንድ አይደለም። ሁለት ሥር አለው፤ ለአንድ ርቀት ሁለት ማዕዘን። የሁለቱ ሥሮች ብዜት ር ሲካፈል ለር ነው፤ አንድ። ታንጀንታቸው ተባዝቶ አንድ የሚሆን ሁለት ማዕዘኖች ደግሞ ድምራቸው 90 ዲግሪ ነው። 30 እና 60፣ 40 እና 50 እኩል ርቀት ይደርሳሉ የሚለው የጋሊሌዮ ግኝት በአንድ መስመር ወጣ። በመፍትሔው ቀመር ውስጥ ከዳግም ዘሩ ሥር ያለውን እዩት፤ 6400 − 4ር²። «ር» ከ40 ሲበልጥ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ ማለትም ያን ያህል አይደርስም። ልክ 40 ላይ ሁለቱ ሥሮች ይገጥማሉ፤ ታንጀንቱ 1፣ ማዕዘኑ 45። የታርታሊያ ዐረፍተ ነገር ይኸውላችሁ። ተማሪ «ከዳግም ዘር ሥር ኔጋቲቭ ከወጣ መፍትሔ የለም» የሚለውን ሲሸመድድ «ኳሱ አይደርስም» የሚል ትርጉም እንዳለው ቢያውቅ ሌላ ነገር ይሆንለታል። በነገራችን ላይ ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል ርቀት ቢደርሱም እኩል አይቆዩም፤ በ30 ዲግሪ ሁለት ሰከንድ፣ በ60 ዲግሪ ሦስት ሰከንድ ተኩል ያህል። ተከላካይ ለሆነ ሰው ያች ሰከንድ ተኩል ብዙ ናት።

አሎሎ ውርወራ የምታሠለጥኑ ካላችሁ ደግሞ 45ን አትመኑ። አሎሎው የሚለቀቀው ከመሬት ሳይሆን ከትከሻ በላይ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይህ ብቻውን የተሻለውን ማዕዘን ወደ 42 ዝቅ ያደርገዋል። የሰው ክንድ ደግሞ ሽቅብ ከመግፋት ይልቅ ወደፊት ሲገፋ የበለጠ ፍጥነት ስለሚሰጥ የታላላቆቹ ወርዋሪዎች ማዕዘን ከዚያም ያንሳል።

ክፍል ውስጥ ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አንድ የእጅ ስልክ ይበቃል። ሁለት ተማሪዎች ኳስ ይቀባበሉ፤ ሦስተኛው ስልኩን ሳያንቀሳቅስ ከጎን ይቅረጽ፤ ከግድግዳው ላይ አንድ ሜትር የሚለካ ምልክት ይለጠፍ። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ በየሦስተኛው ምስል ላይ እያቆማችሁ የኳሱን ቦታ መዝግቡ፤ በምስሎቹ መካከል ያለው ጊዜ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ነው። አግድም ርቀቶቹ እኩል እኩል ይመጣሉ። የከፍታዎቹን ልዩነት ውሰዱ፤ ከዚያ የልዩነቶቹን ልዩነት ውሰዱ። በየጊዜው ወደ 9.8 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ በእጅ ስለሚለካ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር መዛነፉ አይቀርም። የልዩነቶቹ ልዩነት የማይቀየር ከሆነ ነገሩ ኳድራቲክ ነው፤ ይህን ከየትኛውም ቀመር በፊት ማየት ይቻላል። ከዚያ ክፍሉን በሦስት ክፈሉት። አንዱ ቡድን ከመጀመሪያዎቹ ምስሎች ተነሥቶ የተዘረጋውን ይጻፍ፣ አንዱ ከከፍተኛው ነጥብ ተነሥቶ የጫፉን፣ አንዱ ኳሱ ከእጅ ከፍታ ተነሥቶ ወደዚያው ከፍታ ከተመለሰባቸው ሁለት ቦታዎች ተነሥቶ የብዜቱን። ከዘረጓቸው በኋላ ሦስቱም ሰሌዳ ላይ ሲገናኙ የሚነሣውን ክርክር ዝም ብላችሁ ስሙት።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደግሞ የፒንግፖንግ ኳስ አምጡና ከሁለት ሜትር ከፍታ ልቀቁት። መጀመሪያ ላይ የልዩነቶቹ ልዩነት ያው 9.8 አጠገብ ነው፤ ወደ ታች እየወረደ ሲፈጥን ግን ቁጥሩ ማነስ ይጀምራል። ለምን እንደሚያንስ እናንተ ቀድማችሁ አትንገሯቸው።